ሰርቨሩ ተነሥቷል፣ ክላየንቱ ግን አይገባም፦ ስለ ቤዝኤክስ አንድ ጥያቄና 19 ምላሾቹ

የመክፈቻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የብራና መጻሕፍትን መግለጫ በኤክስኤምኤል (ጽሑፍን በመለያ ምልክቶች በሚያዋቅረው የፋይል ዓይነት) የምናዘጋጅ አራት ሰዎች ነን። ፋይሎቹ ሦስት መቶ ገደማ ናቸው፤ አንዱ ፋይል አንድ መጽሐፍ ነው። በውስጡ የመጽሐፉ ርእስ፣ የቅጠሎቹ ብዛት፣ የጸሐፊው ስም፣ ከግእዙ የተገለበጡ መስመሮችና በአማርኛ የተጻፈ ማስታወሻ አለ። እስካሁን የኤክስኤምኤል ፋይሎችን የሚያከማችና የሚፈልግ ዳታቤዝ የሆነውን ቤዝኤክስ 9ን በራሴ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ፣ ያለ ሰርቨር ብቻውን በሚሠራው ትእዛዝ ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። አሁን ባልደረቦቼም ከየጠረጴዛቸው እንዲፈልጉበት ብዬ ኡቡንቱ በተጫነበት የቢሮው ማሽን ላይ ሰርቨሩን፣ ዳታቤዙን ለሌሎች ኮምፒውተሮች የሚያቀርበውን ክፍል፣ አስነሣሁ። በ1984 ፖርት (ሰርቨሩ በኔትወርክ በሚጠራበት ቁጥር) ላይ እንደ ተነሣ ይነግረኛል። ከእኔ ኮምፒውተር ስሞክር ግን ክላየንቱ፣ ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ አያስገባኝም። የጻፍኩት የክላየንቱን ስም፣ ቀጥሎ ሰረዝና ትንሹን ኤን ከማሽኑ አድራሻ ጋር፣ ቀጥሎ ሰረዝና ትልቁን ፒ ከ1984 ጋር ነው። እዚያው ማሽኑ ላይ ተቀምጬ ስገባ ደግሞ ትናንት የጫንኩት ዳታቤዝ የለም፤ ዝርዝሩ ባዶ ነው። ትእዛዝ የምጽፍበትን የተርሚናል መስኮት ስዘጋም ሰርቨሩ አብሮ ይጠፋል። ለአራት ሰው ሰርቨር ማስነሣት ከድካም በቀር ትርፍ የለውም ወደ ማለት ደርሻለሁ። ዳታቤዙን በጋራ ፎልደር አስቀምጠን እያንዳንዳችን ብቻውን በሚሠራው ብንከፍተው ምን ይጎድላል?

ጥያቄዬ ይህ ነበር። ምላሾቹን በተራ ቁጥራቸው፣ በራሴ ቃል ልተርክ፤ ሥራዬን ያዳኑልኝ ስለሆኑ ተበታትነው እንዲቀሩ አልፈልግም።

ምላሽ 1 ከሁሉም አጭር፣ ከሁሉም ጠቃሚ ነበር። ጸሐፊዋ ስሕተቱን ከትእዛዜ ላይ አንሥተው አሳዩኝ። በቤዝኤክስ ክላየንት ትንሹ ፒ ፖርት ነው፤ ትልቁ ፒ የይለፍ ቃል ነው። እኔ የይለፍ ቃሌ 1984 ነው እያልኩ ነበር የማንኳኳው። ፖርቱ የተለመደው 1984 ከሆነ ጭራሹን መጻፍ እንደማያስፈልግ፣ ትልቁ ዩ የተጠቃሚ ስም እንደሆነ፣ የይለፍ ቃሉን ከትእዛዙ መስመር ብተወው ክላየንቱ ራሱ እንደሚጠይቀኝ ጨመሩ። ይህን የመጨረሻውን በተለይ አደራ ብለዋል፤ በትእዛዙ ላይ የተጻፈ የይለፍ ቃል በተርሚናሉ ታሪክ ውስጥ ይቀራልና።

ምላሽ 2 የጋራ ፎልደሩን ሐሳብ ያዘ። ተሳታፊው በትሕትና ግን በጽኑ ተቃወሙት። የቤዝኤክስ መቆለፊያ የሚሠራው በአንድ የጃቫ ፕሮሰስ፣ ማለትም በአንድ እየሠራ ባለ ፕሮግራም፣ ውስጥ ነው። ሰርቨሩ አንድ ፕሮሰስ ስለሆነ ብዙ አንባቢዎችን በአንድ ጊዜ ያስተናግዳል፤ ጸሐፊ ሲመጣ በዚያ ዳታቤዝ ላይ ብቻውን እስኪጨርስ ሌሎቹን ያስጠብቃል። አራት ሰዎች አራት ለየብቻ የሚሠሩ ፕሮሰሶች ከከፈቱ ግን የሚያስታርቃቸው ዳኛ የለም። በደህናው ቀን ዳታቤዙ በሌላ ፕሮሰስ ተከፍቷል የሚል መልእክት መጥቶ ሥራው ይቆማል፤ በክፉው ቀን አንዱ የሌላውን ሥራ ያበላሻል። ሰርቨር የሚያስፈልገው በሰዎቹ ብዛት እንዳይመስልህ፣ ሁለት ሰው ከሆነም ያስፈልጋል ብለው ደመደሙ። የእኔ አቋም እዚህ ላይ ወደቀ።

ምላሽ 3 የአንድ ወጣት ነበር። የሰርቨሩን ትእዛዝ ከሰረዝና ከትልቁ ኤስ ጋር ብጽፈው ከመስኮቱ ተላቆ ከበስተጀርባ እንደሚሠራ፣ ሲፈለግም ያንኑ ትእዛዝ ስቶፕ ከሚለው ቃል ጋር በመጻፍ እንደሚጠፋ አስረዳ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ሰርቨሩን እንዲያስነሣው ከፈለግኩ ደግሞ ማሽኑ ሲነሣ ፕሮግራሞችን በሚያስነሣው በኡቡንቱው ሲስተምዲ ላይ እንዳስመዘግበው መከረኝ።

ምላሽ 4 የጠፋውን ዳታቤዝ ፍለጋ ገባ። ጸሐፊው ትናንት በየትኛው ተጠቃሚ መለያ ሆኜ እንደ ጫንኩና ዛሬ በየትኛው ሆኜ ሰርቨሩን እንዳስነሣሁ ጠየቁኝ። ቤዝኤክስ ሲነሣ ቤቱን ይፈልጋል፦ የቆመበት ፎልደር ውስጥ የራሱ የማዋቀሪያ ፋይል እንዳለ ያያል፤ ከዚያ ፕሮግራሙ የተጫነበትን ያያል፤ ሁሉም ከሌለ በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ አዲስ ቤት ይሠራል። ተጠቃሚው ሲቀየር ቤቱም ይቀየራል። ዳታቤዙ አልጠፋም፣ ሌላ ቤት ውስጥ ነው ያለው አሉ። ለማረጋገጥ ዳታቤዞቹ የሚቀመጡበትን ፎልደር የሚያሳየውን ጌት ዲቢፓዝ የሚለውን ትእዛዝ በሁለቱም መለያ እንድሰጥና መንገዶቹን እንዳነጻጽር አዘዙኝ።

ምላሽ 5 የራሴ ነው። አነጻጸርኩ፤ መንገዶቹ ተለያዩ፤ ዳታቤዙ በመጀመሪያው መለያ ፎልደር ውስጥ እንዳለ ተቀምጦ ነበር። አመስግኜ ለሰርቨሩ ራሱን የቻለ አንድ መለያ ከፈትኩለት፤ ከዚያ በኋላ በሌላ መለያ አስነሥቼው አላውቅም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በሰላም ሄደ። ምላሽ 6 መጣና አየሩ ተለወጠ። ጸሐፊው ሰነዱን ሳያነቡ መጠየቅ የሰው ጊዜ መስረቅ ነው ብሎ ጀመረ። ኤክስኤምኤል ያረጀ ነገር ነው፣ ሦስት መቶ ፋይል ይዞ ልዩ ዳታቤዝ ፍለጋ መሄድ ከንቱ ነው፣ በሠንጠረዥ በሚሠራው ዳታቤዝ በፖስትግሬስ ውስጥ ሠንጠረዥ ሠርቶ መገላገል እያለ ሰዎች ራሳቸውን ያደክማሉ አለ። ምላሽ 7 ከእርሱ ባሰ፤ ሙያን መከለያ አድርጎ አዲስ ሰው የሚያባርር ሰው ለአገርኛ ሥራ እንቅፋት ነው ብሎ ጻፈበት። ቃሉ ከረር ያለ ነበር፤ የተሰደበው ሰው በእኔ ምክንያት በመሰደቡ አዝኛለሁ። ነገር ግን የስድስተኛው ምላሽ ጥያቄ በራሱ መጥፎ ጥያቄ አልነበረም፤ መልስ ይገባው ነበር።

መልሱን የሰጡት በምላሽ 8 የመጡት ሴት ናቸው። ፖስትግሬስ የኤክስኤምኤል ዓምድ እንዳለውና በኤክስኤምኤል ውስጥ ቦታን በሚጠቁመው አጭር ቋንቋ በኤክስፓዝ እንደሚጠየቅ አመኑ። ቤዝኤክስ የሚጠየቅበትን ሙሉውን የመጠየቂያ ቋንቋ ኤክስኩዌሪን ግን አያውቅም። ዋናው ጉዳይ ደግሞ የጽሑፉ ጠባይ ነው። የባንክ ሒሳብ በዓምድና በረድፍ ይቀመጣል፤ የብራና መግለጫ ግን ዐረፍተ ነገር ነው፤ በዐረፍተ ነገሩ መካከል የሰው ስም ምልክት ተደርጎበታል፣ በስሙ ውስጥ ማዕረጉ፣ ከማዕረጉ አጠገብ በሌላ እጅ የተጨመረ ቃል አለ። ይህን ወደ ሠንጠረዥ ሲቆራርጡት ዐረፍተ ነገሩ ይሞታል። ለእንዲህ ያለው ጽሑፍ ሊቃውንቱ ቲኢአይ የተባለውን የኤክስኤምኤል ሥርዓት የመረጡት ከኋላ ቀርነት እንዳልሆነ በእርጋታ አስረዱ። ከዚህ በኋላ ስድስተኛው ተሳታፊ ጠፋ። ወደ መጨረሻው ግን ተመልሷል፤ በቦታው እነግራለሁ።

ምላሽ 9 ከጀርመን ነበር። ጸሐፊው በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሂዮብ ሉዶልፍ ማእከል ውስጥ በ2016 የተጀመረውንና ለ25 ዓመት የታቀደውን ቤተ መጻሕፍት የተባለ ፕሮጀክት አነሡ። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ብራናዎች በቲኢአይ ይገልጻል፤ የሚሠራው ግን በቤዝኤክስ ላይ አይደለም፣ በሌላ የኤክስኤምኤል ዳታቤዝ፣ በኤግዚስት ዲቢ ላይ ነው። እኔም ወደዚያ ባዘነብል የተዘጋጀ መንገድ አገኛለሁ አሉ። ኤግዚስትም ከተርሚናል የሚነሣ ሰርቨርና ክላየንት አለው፤ የክላየንቱ ስክሪፕት በልማድ መስኮት ይከፍታል፣ በትንሹ ኤስ ሲነሣ ግን በጽሑፍ ብቻ ይሠራል። አሳሳቢው ነገር ኤግዚስት በ8080 ፖርት ላይ ድረ ገጽም አብሮ ማቅረቡ ነው፤ ለፍለጋ ብቻ ለሚፈልገው ትንሽ ቢሮ ከበድ ይላል። ሁለቱን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ሳያዳላ ሲመዝን ደስ ይላል። እኔ በቤዝኤክስ ቀጠልኩ።

ምላሽ 10 ላይ ቆም ማለት አለብኝ። የሰርቨር አስተዳዳሪ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። የይለፍ ቃሉን ቀይሬ እንደሆነ ብቻ ጠየቁኝ። አልቀየርኩም። በቤዝኤክስ 9 የመጀመሪያው ተጠቃሚ ስም አድሚን ነው፣ የይለፍ ቃሉም አድሚን ነው። ሰርቨሩ ደግሞ የሚያዳምጥበት አድራሻ ካልተወሰነለት በማሽኑ ባሉት የኔትወርክ በሮች ሁሉ ያዳምጣል። ሁለቱ ሲደመሩ በዚያ ኔትወርክ ላይ ያለ ማንኛውም ሰው በአንድ መስመር ትእዛዝ ዳታቤዛችንን ሊጥለው ይችል ነበር ማለት ነው። እርሳቸው በሠሩበት አንድ መሥሪያ ቤት ይኸው ደርሶ የሁለት ወር ሥራ በአንድ ከሰዓት ጠፍቷል፤ ያጠፋው ሰው ክፉ ሳይሆን ትእዛዝ እየተለማመደ የነበረ አዲስ ሠራተኛ ነበር። ስለዚህ የሚከተለውን እንዳደርግ ጻፉልኝ፦ መጀመሪያ የአድሚኑን የይለፍ ቃል መቀየር፤ ለባልደረቦቼ ለየራሳቸው ተጠቃሚ ፈጥሬ በዚህ ዳታቤዝ ላይ ማንበብ ብቻ መፍቀድ፤ ለሚያርመው ሰው መጻፍ መፍቀድ፤ ከዚያም ሰርቨሩን በማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ ከማሽኑ ከራሱ ብቻ እንዲያዳምጥ አስሬ ባልደረቦቼን በኤስኤስኤች ዋሻ (በተመሰጠረ የኔትወርክ መንገድ) ማስገባት። ለዋሻው ምክንያታቸው ጠንካራ ነው፤ የቤዝኤክስ ክላየንት የይለፍ ቃሉን በግልጹ ባይልከውም፣ ጥያቄውና መልሱ ግን ሳይመሰጠሩ ነው በመስመሩ የሚያልፉት። ያን ቀን ሳይመሽ ሁሉንም አደረግኩ።

በምላሽ 11 አንዱ ተሳታፊ የማንበብ መብት ብቻ ላላቸው ሰዎች የሚመጣ ችግር ጠቆመ። በልማዱ ከ30 ሰከንድ በላይ የሚፈጅ የንባብ ጥያቄ ይቋረጣል፤ አድሚን ግን ከዚህ ገደብ ነጻ ነው። በዚህ ምክንያት ሰዎች ለሁሉም የአድሚን መብት ያድላሉ። መፍትሔው ገደቡን ማራዘም ነው እንጂ በሩን መክፈት አይደለም ብሏል፤ አሥረኛውን ምላሽ በጥሩ ጊዜ ደገፈ።

ምላሽ 12 እርማት ነበር፣ ትንሽም ኮስተር ያለ። የአድሚን አድሚን ታሪክ እስከ 9 ድረስ እውነት ቢሆንም ከ10 ጀምሮ የተዘጋጀ የይለፍ ቃል የለም፤ ተጠቃሚው ራሱ ካልሰጠው አድሚን ሆኖ በክላየንት መግባት አይቻልም። ከዚያው እትም ጀምሮ የኤችቲቲፒ (የድረ ገጽ) ሰርቨሩ ከ8984 ወደ 8080 መዞሩንም አስታወሱ፤ ስለዚህ በዘጠነኛው ምላሽ የተነሣውን ኤግዚስትንና አዲሱን ቤዝኤክስ በአንድ ማሽን ላይ ለማወዳደር የሚሞክር ሰው ሁለቱ በአንድ ፖርት ሲጋጩበት ግራ እንዳይገባው። አስተዳዳሪው ወዲያው እርማቱን ተቀበሉ።

በምላሽ 13 ተመልሼ የመጣሁት እኔ ነኝ፤ በደስታ አልነበረም። ክላየንቱ ገባ፣ ባልደረቦቼም ገቡ። የመጀመሪያዋ ፈላጊ ግን የማስታወሻዎቻችን ቃላት ተጣብቀው አገኘቻቸው። በጎንደር የተጻፈ ያልነው፣ ጎንደር የሚለው የቦታ ስም ምልክት ስለነበረው፣ በጎንደርየተጻፈ ሆኗል። በየማስታወሻው እንዲሁ ነው። የሚገርመው ከብራናው የተገለበጡት የግእዝ መስመሮች ሁሉ ደህና ናቸው፤ ምልክት ያለባቸውም ጭምር። አማርኛው ተበላሽቶ ግእዙ እንዴት ዳነ ብዬ ጠየቅኩ።

ምላሽ 14 በዚህ ሁሉ ውይይት ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የምወደው ነው። የጻፉት በዕድሜ የገፉ የሚመስሉ ሰው ናቸው፤ ልጄ እያሉ ነው የሚጀምሩት። ቤዝኤክስ 9 ፋይል ሲጭን ቾፕ የሚባል ቅንብር ሳይነገረው በርቶ ይጠብቃል። ቾፕ ከእያንዳንዱ የጽሑፍ ቁራጭ ፊትና ኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ይቆርጣል። ለባንክ ሒሳብ ጥሩ ነው፤ ለዐረፍተ ነገር ግን ቢላዋ ነው። ከጎንደር ምልክት በኋላ የነበረው ባዶ ቦታ የሚቀጥለው ቁራጭ መጀመሪያ ስለነበር ተቆረጠ። ግእዙን ያዳነው ሁለት ነጥቡ ነው። የብራና ጸሐፊ ቃልን ከቃል በባዶ ቦታ ሳይሆን በ፡ ይለያል፤ ሁለት ነጥብ ደግሞ ለኮምፒውተሩ ባዶ ቦታ አይደለም፣ እንደ ማንኛውም ፊደል የሚታይ ምልክት ነው። ስለዚህ ቢላዋው አልነካውም። ይህን ሳነብ የቆየው ሥርዓታችን በማሽን ውስጥ ሳይቀር ቃላችንን ጠብቆ ማየቴ ልቤን ነካው። እርሳቸው ግን በስሜቱ አልቆዩም፤ ወደ ሥራው አለፉ። ዳታቤዙን ጥሎ ቾፕን አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው። ማጥፊያው ትእዛዝና መጫኛው ትእዛዝ በአንድ የክላየንት ጥሪ ውስጥ፣ በነጠላ ሰረዝ ሳይሆን በላቲኑ ነጥብና ጭረት (;) ተለያይተው መሰጠት አለባቸው፤ ቅንብሩ የሚኖረው ለዚያ ግንኙነት ብቻ ነውና በአንዱ ጥሪ አጥፍቶ በሌላው መጫን ምንም አይለውጥም። ጽሑፉ ከዳታቤዙ ሲወጣም በረድፍ የሚያሳምረውን ቅንብር ማጥፋት ያሻል፤ አለዚያ ያልነበረ ባዶ ቦታ ይጨመራል። በ10ኛው እትም የቅንብሩ ስም ተቀይሮ ጠፍቶ እንዲጀምር መደረጉን፣ ከተቻለ ወደዚያ መሻገር እንደሚሻል ጨመሩ። በመጨረሻም የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች አስቀርቻቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። ነበሩኝ። ባይኖሩኝ ኖሮ የተጣበቀውን የሚፈታው ሰው ዐይን ብቻ ነበር።

ምላሽ 15 ከዚሁ ተነሥቶ ወደ መጠባበቂያ ቅጂ ሄደ። ክሬት ባክአፕ የሚለው ትእዛዝ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ዚፕ ፋይል ይሠራል፤ የሚያስቀምጠው ግን እዚያው ከዳታቤዞቹ ጋር ነው። ዲስኩ ከሞተ ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። ተሳታፊዋ በየማታው ቅጂውን ወደ ሌላ ማሽን የሚወስድ ስክሪፕት እንዳላቸው ነገሩን። በማረም መካከል መብራት ጠፍቶ፣ ሰርቨሩ ሲነሣ የዳታቤዙ ማሻሻያ አልተጠናቀቀም ብሎ አልከፍት ያላቸው ቀን ነበር፤ ያዳናቸው የትናንቱ ቅጂ ነው። ከዚህ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዎች ስለ ጄኔሬተርና ስለ ባትሪ ዋጋ መጨዋወት ጀመሩ፤ ጨዋታውን አልፈዋለሁ።

ምላሽ 16 ላይ ስድስተኛው ተሳታፊ ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ግን ይዞ የመጣው ከይቅርታ አያንስም። ከዊንዶውስ ተርሚናል የግእዝ ፊደል ያለበት ጥያቄ ስሰጥ ባዶ መልስ ማግኘቴን በአንድ ስፍራ ጠቅሼ ነበር። ምክንያቱን አብራራ፦ በዊንዶውስ ላይ ጃቫ በትእዛዙ መስመር የተጻፈውን የሚቀበለው በሲስተሙ የፊደል ገጽ በኩል ነው፤ ግእዝ በዚያ ገጽ ስለሌለ እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይደርሳል። ክላየንቱ ያላገኘው ቃሉን ሳይሆን የጥያቄ ምልክቶቹን ነበር። ጥያቄውን ግእዝን በሚይዘው የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት፣ በዩቲኤፍ 8፣ በፋይል አስቀምጬ የፋይሉን ስም እንድሰጥ፣ መልሱንም በትንሹ ኦ ወደ ፋይል እንዳወጣው መከረ። በተርሚናሉ ላይ የሚታዩት ባዶ ሳጥኖች የፎንት ጉድለት እንጂ የመረጃ መበላሸት አይደሉም፤ ፋይሉ በናያላ ፎንት ሲከፈት ሁሉም በቦታው ነው። ሞከርኩት፤ እንዳለው ሆነ። አመሰገንኩት፤ ሰባተኛውም ተሳታፊ አመሰገነው።

ፊደል ከተነሣ ውይይቱ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ምላሽ 17 ፀሐይ ብሎ የፈለገ ሰው ጸሀይ ተብሎ የተጻፈውን እንዳያጣ፣ በጥያቄው ውስጥ ትራንስሌት የሚባለውን ተግባር በመጠቀም ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መመለስ እንደሚቻል አሳየ። አምስት ፊደል በሰባት ቤት 35 ጥንዶች ናቸው። ምላሽ 18 ዲቃላዎቹን ረስተሃል ብሎ አረመው፤ ሧ ወደ ሷ መመለስ አለበት፣ ከሐና ከኀ ወገን ያሉትም አሉ። ትራንስሌት ጥንዶቹን የሚያገናኘው በቦታ ቅደም ተከተል ስለሆነ በአንዱ ወገን አንድ ፊደል ቢዘለል ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛነፋል፤ ሁለቱን መስመሮች አንዱን ከአንዱ በታች ጽፎ መቁጠር ያስፈልጋል።

ምላሽ 19 በቁጣ የተጻፈ ነው፤ ቁጣውም ተገቢ ነበር። ጸሐፊው የግእዝ መምህር ናቸው። በግእዝ ሰአለ ለመነ ማለት ነው፣ ሠዐለ ደግሞ ሥዕል ሣለ ማለት ነው፤ እነዚህን ማደባለቅ ቋንቋውን ማፍረስ ነው አሉ። ትግርኛ ተናጋሪ ከመጣም ሐና ዐ በአፉ ውስጥ የራሳቸው ድምፅ እንዳላቸው፣ ወደ ሀና ወደ አ መመለሳቸው ለእርሱ ስሕተት እንጂ ማቅለል እንዳልሆነ ተናገሩ። በዳታቤዙ ውስጥ አንድም ፊደል እንዳይቀየር አጥብቀው ጠየቁ።

አልቀየርንም። ብራናው እንደ ተጻፈ ተቀምጧል፤ የሚመለሰው በፍለጋው ጊዜ ብቻ ነው፣ እርሱም ፈላጊው ሲፈልግ። ክላየንቱ በትንሹ ቢ ተለዋዋጭ (በየጥሪው ዋጋው የሚሰጥ ስም) ስለሚቀበል በጥያቄው ፋይል ውስጥ ቋንቋ የሚል ተለዋዋጭ አኖርኩ፦ አማርኛ ሲባል ሙሉው ሠንጠረዥ ይሠራል፣ ትግርኛ ሲባል የሐና የዐ ረድፎች ይታለፋሉ፣ ግእዝ ሲባል ምንም አይነካም። ፋይሎቹን ቾፕን አጥፍቼ ከመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች እንደገና ጭኛለሁ። በጎንደር የተጻፈ የሚለው ማስታወሻ አሁን ባዶ ቦታው ተመልሶለታል።